ላቲንን በርቀት መማር ለማን ተፈቀደ?

በርቀት ትምህርት ገጹ ክፍልም መምህርም ነው። ክፍል ገብቶ የሚማር ዓይነ ስውር ያመለጠውን ጎኑ የተቀመጠውን ይጠይቃል፤ መምህሩም ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብለታል። ቤቱ ሆኖ የሚማረው ግን ኮምፒውተሩ ከሚነግረው ሌላ ምንም የለውም። በላቲን ደግሞ ይህ ከሌላው ትምህርት ይልቅ ይከፋል፤ የቋንቋው ትርጉም ያለው በቃል መጨረሻና በአናባቢ ርዝመት ላይ ነውና።

«ቬኒት» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። የመጀመሪያው አናባቢ ሲያጥር «ይመጣል»፣ ሲረዝም «መጣ» ማለት ነው። ፊደላቱ አንድ ናቸው፤ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን የሚለዩት ከአናባቢው በላይ በሚያሰምሯት አጭር መስመር ነው። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ማለትም ስክሪን ሪደር፣ ይህችን መስመር አንዳንዴ እንደሌለች ይዘላታል፤ አንዳንዴም በቃሉ መካከል የፊደሉን ስም ጠርቶ ቃሉን ይሰባብረዋል። ገጹ «ይህ ላቲን ነው» ብሎ ካላሳወቀው ደግሞ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አነባበብ ያነበንበዋል። ተማሪው ትናንትን ከዛሬ ሳይለይ ፈተና ይቀመጣል።

የሚያናድደው መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። ላቲኑ በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ የቋንቋውን መለያ በኮዱ ውስጥ ማስገባት የደቂቃ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛው ዕትም ከ2008 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህንኑ ይጠይቃል። ኢስፒክ የተባለው ነጻ የንባብ ፕሮግራምም ላቲን ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም።

የስም እርባታ ሰንጠረዥም ሌላ ፈተና ነው። ስድስት አገባብ በነጠላና በብዙ ቁጥር፣ አሥራ ሁለት ሳጥን። ሰንጠረዡ ርእሶቹ በኮድ ተለይተው ከተሠራ ተማሪው «ተሳቢ፣ ብዙ ቁጥር» የሚለውን ከቃሉ ጋር ይሰማል። ፎቶ ሆኖ ከተለጠፈ ግን ባዶ ነው። በብሬይልም ጥንቃቄ ያሻል፦ የእንግሊዝኛ አጭር ብሬይል «ኢ» እና «አር»ን ተከታትለው ሲመጡ በአንድ ምልክት ይጠቀልላቸዋል። ፕሮግራሙ ላቲኑንም በዚሁ ደንብ ከገለበጠው ተማሪው ሊያጠናው የሚገባው የቃል መጨረሻ ራሱ ይታጠፋል። ስለዚህ ላቲን ፊደል በፊደል መጻፍ አለበት። መስማት የተሳናቸውም ከዚህ አያመልጡም፤ በቪዲዮ ትምህርት ላይ ኮምፒውተር በራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ የላቲኑን ቃል ወደ ሌላ ነገር ስለሚለውጠው መምህሩ ራሱ ማረም ይኖርበታል።

በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ክላሲካል ላቲንን በርቀት ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። የዚያች አገር የ2010 የእኩልነት ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተካከያውን አስቀድመው እንዲያስቡ ያስገድዳል እንጂ አካል ጉዳተኛው ተመዝግቦ እስኪያማርር እንዲጠብቁ አይፈቅድም። ትክክለኛው መንገድም ይህ ብቻ ይመስለኛል። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ የሚላክ «የተስተካከለ ቅጂ» ለትምህርቱ አዘጋጅ ቀላል ይሆን ይሆናል፤ ለተማሪው ግን ጓደኞቹ ሦስት ምዕራፍ ቀድመውታል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ግዕዝም ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን በፊደል አይለይም። በአብነት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውራን ከመምህራቸው አፍ እየሰሙ ለቅኔ መምህርነት ሲበቁ ኖረዋል። አሁን ግን ግዕዝም በኢንተርኔት መሰጠት ጀምሯል፤ ብዙውን ጊዜም በእጅ ስልክ ፎቶ የተነሣ ገጽ፣ ወይም በአሮጌ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ይሰራጫል። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈውን ስክሪን ሪደር የሚያነበው እንደተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የግዕዝ ወይም የላቲን ትምህርት በርቀት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ጽሑፉን በዩኒኮድ ተይቡት፤ ጥብቁንና ልሉን በድምፅ ቀድታችሁ አያይዙ። ከመልቀቃችሁ በፊትም አንዱን ገጽ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በስክሪን ሪደር አዳምጡት፤ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰውም ይፈትሽላችሁ።