እጀታ የሌለው በር

የእህቴ ልጅ እዚህ ዲምቱ፣ ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ጥላ ሥር መኪና መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው። ወለሉና ሞተሩ የአሮጌ ቮልስ ነው፤ ቀሪውን በላሜራ ራሱ በይዶታል። ሰሌዳ ስለሌለው ከግቢ አይወጣም። ሰፈርተኛው ቢስቅበትም እኔ አልሳቅኩም። የእንግሊዙ ሎተስ ሰቨን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገዢው ቤቱ ወስዶ እንዲገጥመው ተፈታትቶ ይሸጥ ነበር፤ ተገጥሞ ሲሸጥ የሚከፈለውን ግብር ለማምለጥ። አሜሪካኖችም በዚሁ በእኛው ቮልስ ወለል ላይ የፋይበርግላስ አካል እየጫኑ ስንቱን ሠርተዋል።

ባለፈው ወር ጠራኝና "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይጫኗት" ብሎ ሪሞት ሰጠኝ። ብጫን በሩ ቷ ብሎ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ብቅ አለ። እጀታውን ነቅሎ ቀዳዳውን በላሜራ ደፍኖታል።

አሠራሩን አስረዳኝ። ሶሌኖይድ የሚባለው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ዕቃ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና መሃሉ ያለውን ብረት ይስባል። ብረቱ ከበሩ መቆለፊያ ጋር ስለታሰረ መቆለፊያው ይለቃል፤ ስፕሪንግ ደግሞ በሩን ይገፋዋል። ለቅጽበት ቢሆንም ብዙ አምፒር ስለሚስብ ከሪሞቱ መቀበያ በቀጥታ አይገናኝም፤ መሃል ሪሌይ ይገባል፣ ፊውዝም ከባትሪው አጠገብ ይደረጋል። መጀመሪያ በቀጭን ሽቦ ሞክሮ ሽቦው እንደጋለበት አልደበቀኝም። በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ስለሚተጣጠፍ በማጠፊያው በኩል በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳልፎታል።

ሥራው ጥሩ ነው። እኔ ግን በነርስነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ሌሊት ከተጋጨ መኪና የወጣ ሰው አምጥተውልን ነበር። ከእግሩ የሚፈሰው ደም በእጅ ተጭነው ሊያቆሙት የሚችሉት ዓይነት ነበር፤ ሰዎቹ ከበሩ ጋር ሲታገሉ ግን ጊዜው አለቀ።

"ባትሪው የት ነው?" አልኩት።

"ከኋላ ወንበር ሥር።" ቮልስ እንደዚያ ናት።

"ባትሪው ሲሞት በየት ገብተህ ትደርስበታለህ?"

ቆየና "በመስኮት" አለ። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር። እጀታውን ይመልሰው ብል ውበቱ ይጠፋል ብሎ አኮረፈ።

የእሱ ብቻ ጉዳይ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው እየበዛ ነው። የአንዳንዶቹ በር በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው። ሰው ትልቁ ባትሪ እስካለ ድረስ ይከፈታል ብሎ ያስባል፤ በሩን የሚያሠራው ግን ብዙ ጊዜ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የ2021 ሥሪት ቴስላ ሞዴል ዋይን መመርመር የጀመረው፣ ልጃቸው ውስጥ ሳለ በሩ ከውጭ አልከፈት ያላቸው ወላጆች መስታወት እስከ መስበር ስለደረሱ ነው። ቻይናም ከ2027 መግቢያ ጀምሮ የሚወጣ አዲስ የመኪና ሞዴል ያለ ኤሌክትሪክ ከውስጥም ከውጭም እንዲከፈት ደንግጋለች።

እንዲህ ያለ መኪና ቤታችሁ ካለ መመሪያውን ዛሬ ግለጡት። የኋላ በሮች የእጅ መክፈቻ አንዳንዴ ከምንጣፍ ወይም ከበሩ ኪስ ሥር ይደበቃል። ለልጆቹም አሳዩአቸው። በእኛ ቆላ የተዘጋ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፤ የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ይሞቃል።

ልጁ ኩርፊያው ሲበርድለት ከሞተር ሳይክል ጠጋኝ የፍሪሲዮን ገመድ ገዝቶ መጣ። አንዱን ከመቆለፊያው ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ከኋላ ፓራፋንጎ ሥር እጅ ካልገባ በማይታይበት ቦታ አወጣው። ውበቱ አልተነካም። ባትሪውን ፈታንና ዓይኑን በነጠላዬ አስሬ አስገባሁት። "ውጣ!" አልኩት። ገመዱን ወንበር ሥር ሲፈልግ ከሃያ በላይ ቆጠርኩ። በሩ ላይ፣ እጅ በሚያርፍበት አዛወረውና ጫፉን ቀይ ቀባው። በሁለተኛው ሙከራ ሦስት ሳልቆጥር ወጣ።

የቀኙ በር ግን ገና ነው፤ ገመድ አልቆበት የገበያ ቀን እየጠበቀ ነው። እስከዚያ በዚያ በኩል ማንም እንዳይቀመጥ ብያለሁ።