አሮጌው ኮምፒዩተር ፍላሽ ዲስክ የማይቀበለው ለምንድን ነው?

የቆየ የሂሳብና የዕቃ መዝገቡ ዊንዶውስ 98 በተጫነበት ኮምፒዩተር ውስጥ የቀረበት ነጋዴ መረጃውን ለማውጣት ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ፣ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ሳያውቀው ይቀርና ድራይቨር ይጠይቃል። በዚህን ጊዜ ፍላሹ ወይም ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጥገና መሮጥ ያላግባብ ወጪ ያስከትላል። ችግሩ የብልሽት ሳይሆን የዕድሜ ነው።

ዊንዶውስ 98 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ፍላሽ ዲስክ መሸጥ የጀመረው በ2000 ነው። ሲስተሙ የዩኤስቢ መሰኪያን ቢያውቅም ለሁሉም ፍላሽ የሚያገለግል የጋራ ድራይቨር አልተካተተበትም። ስለዚህ አምራቾች ለየዕቃቸው የሚሆን ድራይቨር ያዘጋጁ ነበር። የጋራው ድራይቨር አብሮ የመጣው በ2000 ከወጡት ዊንዶውስ 2000 እና ዊንዶውስ ሚሌኒየም ጋር ነው።

መፍትሔው ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ፣ የተጫነው በ1999 የወጣው ሁለተኛው እትም (ሰከንድ ኤዲሽን) መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ኤንዩኤስቢ የተባለው የጋራ ድራይቨር በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በሲዲ ተገልብጦ ይመጣል። ቀደም ሲል የተጫኑ የፍላሽ ድራይቨሮች ከጠፉ በኋላ እርሱ ይጫንና ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ፍላሹ የሚሰካው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻም ፍላሹ በፋት 32 ፎርማት መደረግ አለበት። ዊንዶውስ 98 ኤንቲኤፍኤስንም ሆነ ኤክስፋትን አያነብም። ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ባዶ ፍላሽ መጠቀም ይበጃል።

የተጫነው ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ከሆነ ግን ሲስተሙ ከነአካቴው ለዩኤስቢ አልተሠራም። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ በማገናኛ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው ደህንነትን ይመለከታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ድጋፍ በ2006 ስላቋረጠ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት አይመከርም፤ ፍላሹም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ለቫይረስ መፈተሽ አለበት። ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍን ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በመሆኑ፣ በቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ደብዳቤ ወይም ውል ፎንቱ አብሮ ካልተገለበጠ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታያል።

የሂሳብ ፋይልም ቢሆን ከተሠራበት ፕሮግራም ውጪ ላይከፈት ይችላል። መገልበጡ ብቻውን ዋስትና ስለማይሆን፣ ፋይሉ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ቁጥሮቹ ሳይመሳከሩ አሮጌውን መሸጥ ወይም መጣል አይገባም።