አዳኙ ብቻ አይደለም፦ ስለ ዱር እንስሳት መጥፋት ተረትና እውነታ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚገኘው ካማሺ በሰሜን ዓባይ፣ በምዕራብ ዳቡስ የሚያዋስኑት ሞቃት ቆላ ነው። ዴዴሳም ወደ ዓባይ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። የቆላ ቀርከሃ፣ አባሎ፣ ወይባና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ባለበት በዚህ አገር ጉማሬው፣ አዞው፣ ከርከሮው፣ ድኩላውና ነብሩ ነባር ነዋሪዎች ናቸው። እየራቁ መሄዳቸውን የማያውቅ የለም። ለምን ሲባል ግን የሚሰጠው መልስ አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ስህተት። ምክንያቱን የሳተ መድኃኒቱንም ይስታልና ነገሩን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

«አውሬውን የጨረሰው አዳኝ ነው»

ጣት ቶሎ የሚቀሰረው ቀስት ይዞ በሚወጣው የጉሙዝ አዳኝ ላይ ነው። ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ ያድናሉ፣ ማር ይቆርጣሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ መሬቱን እያሳረፉ በዙር ያርሳሉ። በዚህ ኑሮ ትውልድ አልፎ ትውልድ ሲተካ አውሬውም አብሮ ኖሯል። ቀስት አንድ ድኩላ ይጥል ይሆናል፤ የድኩላውን አገር ግን አያጠፋም። አገሩን የሚያጠፋው ምንጣሮ ነው።

የዝርያዎችን ሁኔታ በዓለም ደረጃ የሚመዘግበው የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የየብስ እንስሳትን ለአደጋ ካጋለጡ ነገሮች ቀዳሚው የመኖሪያ መጥፋት መሆኑን ያስቀምጣል፤ ለዚያም ግንባር ቀደሙ የእርሻ መስፋፋት ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ሰፋፊ የእርሻ ኢንቨስትመንት፣ ሰፈራ፣ ከሰልና መንገድ ደኑን ቆራርሰውታል። ደን ሲቆራረጥ እንስሳው በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ ይዘጋል፤ ቀጥሎ መንጋው ከመንጋ ይለያያል፤ ወንዱ ከሩቅ ሴት ሳይገናኝ ይቀርና የቅርብ ዘመዳሞች ይዋለዳሉ። በመጨረሻ አንድ ወረርሽኝ የቀረውን ጠራርጎ ይወስዳል። ቀይ ቀበሮ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.አ.አ) ከእረኛ ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ክፉኛ ጨርሷቸዋል። ይህን ያደረገው ጥይት አይደለም።

ይህ ማለት ግን አደን ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ክላሽንኮቭና ነጋዴ ሲጨመሩበት አደን ሌላ ነገር ይሆናል። መጋቢት 2007 ዓ.ም አዲስ አበባ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ መንግሥት ያቃጠለው የዝሆን ጥርስ ከ6 ቶን በላይ ነበር። ያን ሁሉ ጥርስ ለቤቱ ሥጋ ፈልጎ የወጣ አዳኝ አልሰበሰበውም፤ ገዢ ስላለ የተሰበሰበ ነው።

«እሳት ሣሩን ያድሳል እንጂ አይጎዳም»

ግማሹ እውነት ነው። የቆላው ሣር ከእሳት ጋር ለምዶ የኖረ ነው፤ በኅዳር ገና እርጥበት ሳይለቀው የሚነሳ እሳት ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። ጉዳቱ የሚከፋው በየካቲትና በመጋቢት ሁሉም ነገር ደርቆ እንደ ጭድ ሲሆን የሚለቀቀው እሳት ላይ ነው። መሬት ላይ የሚፈለፍሉት ቆቅና ጅግራ፣ መሸሽ የማትችለው ዔሊ፣ ገና ያልጠነከረች የሚዳቋ ግልገል የሚያልቁት ያኔ ነው።

ቀርከሃው ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። የቆላ ቀርከሃ ብዙ ዓመት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ከዚያ ጫካው በጅምላ ይሞታል። የደረቀውን ያየ ሰው አለቀለት ብሎ እሳት ይለቅበታል ወይም ያርሰዋል። እውነቱ ግን ከሥሩ ነው፤ ያ ሁሉ ዘር በክረምቱ ዝናብ እንደ ሣር ቀጭን ሆኖ ይበቅላል። ያን ጊዜ እሳትና ከብት ካልገቡበት ጫካው ራሱን ይተካል። ከገቡበት አይመለስም፤ ለጎጆ፣ ለአጥርና ለቅርጫት የሚሆነው፣ በክረምት ቡቃያው የሚበላው ቀርከሃም፣ በውስጡ የሚጠለለው አውሬም አብረው ይሄዳሉ።

«ጥንብ አንሳ በሽታ ያመጣል»

ይህ ደግሞ ጭራሽ ስህተት ነው። የጥንብ አንሳ ጨጓራ አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ብዙውን የበሽታ ተህዋስ ይፈጨዋል። በድን ላይ የሚሰፍር መንጋ በሬውን በጥቂት ሰዓት አጥንቱ እስኪቀር አንስቶ አካባቢውን ያጸዳል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ሕንድ ይህን በከባድ ዋጋ ተምራለች። ለከብት ሕመም ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ የታከመውን ከብት በድን የበሉትን ጥንብ አንሳዎች ኩላሊት አጥፍቶ በ1990ዎቹ (እ.አ.አ) በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንዳንዶቹን ዝርያ ከ95 በመቶ በላይ ፈጀ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ተባባሰ። በ2024 (እ.አ.አ) የታተመ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው በዚሁ ጦስ እንደሞተ ገምቷል። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይውል በ2006 (እ.አ.አ) አገደች።

በአፍሪካ ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። ጅብ ፍየሉን የበላበት ገበሬ ተናዶ ከተረፈው ሥጋ ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ጅብ የሚወጣው ግን ሌሊት ነው። ጥንብ አንሳ በቀን፣ ከላይ፣ በዓይኑ ያያል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው እሱን አይቶ ይከተላል። ጅቡ ሳይደርስ ብዙ ጥንብ አንሳ ተረፍርፏል። አንዲት ጥንብ አንሳ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከአንድ በላይ እንቁላል ስለማትጥል፣ ጫጩቱም ለመራባት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በአንድ ቀን የጠፋው በአሥር ዓመትም አይተካም። የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረቱ በ2015 (እ.አ.አ) አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ብሎ መድቧል፤ አራቱም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በ2020 (እ.አ.አ) በጊኒ ቢሳው ከ2,000 በላይ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ አልቀዋል፤ ከጀርባው የነበረው የአካላቸው ክፍል ሀብትና ዕድል ያመጣል የሚል እምነት ነው።

«ካልታየ ጠፍቷል፣ ከታየ አለ»

ሁለቱም ያሳስታል። ከካማሺ በስተሰሜን፣ ከመተከል ጋር በሚዋሰነው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንበሳ መኖሩን ያረጋገጠ አልነበረም። በ2016 (እ.አ.አ) ተመራማሪዎች በድብቅ ካሜራ ፎቶ አነሱት፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ተደምሮ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመቱ። በአንጻሩ በየቀኑ የሚታይ እንስሳ በእግሩ እየሄደ ያለ ሙት ሊሆን ይችላል፦ አዋቂው ሲታይ ግልገል ከሌለ መንጋው አብቅቷል።

ግጭትም ቁጥርን በፍጥነት ይገለብጣል። በሰንቀሌ የቆርኪ መጠለያ በሺዎች ይቆጠር የነበረው መንጋ በ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ ሁከት ክፉኛ ተመናምኖ ነበር፤ ጥበቃው ሲመለስ ወደ መቶዎች አገገመ። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ግጭትና መፈናቀል ላየው ካማሺ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰላም ለሰው ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው»

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል፤ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለ። ይሁንና ጥቂት ጠባቂ ያን ሁሉ ቆላ ሊያዳርስ አይችልም። የመንዝ ጓሳ የሣር ምድር ከ1600ዎቹ (እ.አ.አ) ጀምሮ የተጠበቀው በራሱ በሕዝቡ ነው፤ አባቶች ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ለጣራና ለገመድ አጨዳ ይከፍቱታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አብረው አሉ። የጉሙዝ መሬትም በጎሳ የሚተዳደር ነውና የጎሳ ሽማግሌዎች የሚከልሉት የወንዝ ዳር ደን ከማንኛውም ሰሌዳ የበለጠ ይከበራል።

የቀረው የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ነው። ውሻዎን በየዓመቱ ያስከትቡ። ጅብ ከብት ቢገድልብዎ በረቱን በእሾህ ያጥብቁ እንጂ በድኑን አይመርዙ። ለከብትዎ ማስታገሻ ሲገዙ ባለሙያው በዲክሎፌናክ ፈንታ ለጥንብ አንሳ የማይጎዳውን ሜሎክሲካም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ማር ሲቆርጡ ችቦውን አጥፍተው ይሂዱ። ያበበ ቀርከሃ ካዩ ለሦስት ክረምት አይንኩት። የነብር ቆዳና የጉማሬ ጥርስ ለነጋዴ አይሽጡ፣ ከነጋዴም አይግዙ፤ ይዞ የመጣ ካለ ለወረዳው ያሳውቁ።