ያለ ጣት የሚታዘዝ ስልክ

የስማርት ስልክ ስክሪን ጣትን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገርን ነው። ከመስታወቱ ሥር በዓይን የማይታይ ስስ አስተላላፊ ንጣፍ ተዘርግቷል። ውሃና ጨው ያለበት የሰው ገላ ሲነካው በዚያ ነጥብ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ስልኩም ቦታውን አስልቶ ይታዘዛል። ጣት ከሌለ ክርን፣ የእግር ጣት ወይም አፍንጫ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጣት ኖሮም በወፍራም የጎማ ጓንት ከተሸፈነ ስክሪኑ አይታዘዝም።

አዳሚ ቱሉ የፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ጎረቤቷ ባቱ (ዝዋይ) ደግሞ በአበባ እርሻ ትታወቃለች። በጓንት በሚሠራ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ስልክ ሲጠራ ጓንት ማውለቅ ኬሚካሉን ወደ እጅ ያመጣዋል። አንዳንድ ስልኮች ከጓንት ጋር እንዲሠሩ የስክሪኑ ስሜት በሴቲንግ ከፍ ይደረጋል፤ ነገር ግን የቆሸሸ ጓንት ስልኩን ይበክላል፣ ስልኩም ማታ ፊት ላይ ይለጠፋል። ለረጪ ሠራተኛ የሚሻለው በጆሮ ማዳመጫ ጥሪውን በራሱ እንዲቀበል ስልኩን አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

በአደጋ ወይም በሥጋ ደዌ ጣታቸውን ላጡ ሰዎች ቀላሉ መፍትሔ የስክሪን እስክሪብቶ ነው። ቤት ውስጥም ይሠራል፦ በእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ በትንሹ የረጠበ ጥጥ ይደረግና ከጥጡ እስከ መያዣው አሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል። ፎይሉ ቆዳን ካልነካ ፋይዳ የለውም፤ ስለዚህ እስክሪብቶው ክንድ ላይ በጨርቅ ሲታሰር ፎይሉ ከጨርቁ በታች ገላን እንዲነካ መደረግ አለበት። ጫፉም እንደ እርሳስ ከቀጠነ ስክሪኑ አይለየውም። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ስልክን ከሌላ መሣሪያ በሚያገናኝ የኦቲጂ ገመድ ተራ የኮምፒውተር ማውዝም ይቀበላሉ፤ ማውዙን በክንድ ወይም በእግር ማንቀሳቀስ ይቻላል።

እጅና እግር ለማይታዘዝለት ሰው ፊት አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አንድሮይድ 12 ፈገግታን ወይም ቅንድብ ማንሳትን በካሜራ አይቶ ወደ ትእዛዝ ይለውጣል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 በዓይን እይታ ብቻ የሚሠራ ዘዴ በስልኮቹ ላይ ጨምሯል። ድምፅም አለ፤ እዚህ ላይ ግን የአገራችን ሰው ይጎዳል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ ስልኩን ሙሉ በሙሉ በቃል የሚያዙባቸው ፕሮግራሞች ግን የተሠሩት በዋናነት ለእንግሊዝኛና ለሌሎች ትልልቅ ቋንቋዎች ነው።

ገንዘብ ለመላክ የግድ የሚነካ ስክሪን አያስፈልግም። ቴሌብር በ*127# በተራ ስልክም ይሠራል፤ የተራ ስልክ ቁልፍ የሚፈልገው ግፊት ብቻ በመሆኑ በጓንትም፣ በአፍ በተያዘ እንጨትም ይታዘዛል።