ከጉግሱ በፊት ያሉት ሳምንታት

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ዓድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እንጅባራ ላይ የሚሰለፉት ያጌጡ ፈረሶች ብዙ ናቸው። ስለ ጋላቢው ጀግንነትና ስለ ኮርቻው ጌጥ ብዙ ተብሏል። ስለ ፈረሱ ጡንቻ ግን እምብዛም አይነሣም፤ ሊነሣ ይገባዋል እላለሁ።

የጡንቻው ጣጣ የሚጀምረው ጉግስ ሜዳው ላይ አይደለም። ለበዓል የታሰበ ፈረስ ሥራ ቢቀነስለት፣ ገብስ ቢጨመርለት ባለቤቱ ከፍቅር ያደረገው ነው። ይሁንና እህል እየጠገበ የሰነበተ ፈረስ ሳያሟሙቁት በሽምጥ ሲጋለብ የጡንቻው ሕዋሳት ሊፈራርሱ ይችላሉ። የአውሮፓ ሠረገላ ነጂዎች ይህን ቀድመው አይተውታል፦ እሑድ ሙሉ ቀለቡን በልቶ ያረፈ ፈረስ ሰኞ ጠዋት ሲጠመድ ጥቂት ሄዶ ይገተር ነበር።

ይህ ሕመም ሲነሣ ፈረሱን ላብ ያጠምቀዋል፣ እርምጃው ያጥራል፣ የታፋው ጡንቻ ይጠጥራል፣ አልንቀሳቀስም ይላል። ቁርጠት ይመስላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቁርጠት የያዘውን ፈረስ ማንሸራሸር የለመደ ሰው ይህንንም ጎትቶ ያስኬደዋል፤ ጉዳቱ ይብሳል። ሽንቱ ቀይ ቡናማ ከሆነ ከተጎዳው ጡንቻ የወጣው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ኩላሊት ደርሷል ማለት ነው፤ ያኔ ፈረሱ ሊሞት ይችላል። እዚያው አቁሞ ኮርቻውን ማውረድ፣ ከብርድ መከለል፣ ውኃ ማቅረብና ሐኪም መጥራት ይገባል። የሕመም ማስታገሻ በዘፈቀደ አይሰጥም፤ ውኃ ያነሰውን ፈረስ ኩላሊቱን ይጎዳል።

በሽታው የሚመላለስባቸው ፈረሶችም አሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንዳንድ ዝርያዎች ጡንቻ ውስጥ ስኳር ከልክ በላይ እንዲከማች የሚያደርግ የዘር ለውጥ አግኝተዋል። ለእነዚህ መድኃኒታቸው እህል መቀነስና በየቀኑ መንቀሳቀስ ነው።

ከጉና ተራራ ግርጌ፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስና በጋይንት ደጋ፣ ፈረስ የመንገድም የክብርም ነው። እዚህ አንድ ነገር ይጨመራል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የወጣ ጥናት የሴሌኒየም እጥረት በኢትዮጵያውያን ዘንድ የተስፋፋ መሆኑን አሳይቷል። ማዕድኑ ለጡንቻ ጤና ያስፈልጋል፤ ፈረሱም ከዚያው አፈር የበቀለውን ሣር ነው የሚበላው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የአካባቢውን ድርቆሽ ቢመረምር ለባለ ፈረሱ ትልቅ ውለታ ነው።

የበዓል አዘጋጆችም ከዳኛው ጎን የእንስሳት ሐኪም ማቆም አለባቸው። ባለቤቱ ደግሞ በዓሉ ሲቃረብ ፈረሱን ከማሳረፍ ይልቅ በየዕለቱ በሶምሶማ ያለማምደው፤ በዕረፍት ቀን ገብሱን ቀንሶ ድርቆሹን ያብዛለት፤ ጨው ያስልሰው። የጉግሱ ዕለት ከመጋለቡ በፊት በቀስታ ያራምደው፤ ሲጨርስም ላቡ እስኪደርቅ ቀስ እያለ ያዙረው።