የሃምሳ ዶላሩ ታብሌት ጌታው ማን ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን «ዶክተር» የተባለ ሰው ሁሉን ያውቃል የሚለውን እምነት ከአገር ቤት ይዘን ነው የወጣነው። እዚህ በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት፣ 23ኛው ጎዳና ከቼሪ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ እምነቱ እስካሁን አልቀዘቀዘም። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር የነበረው ትምህርት ከኮምፒዩተር ጋር ዝምድና ባይኖረውም፣ «ዶክተር፣ ለእናቴ የምልክላት ርካሽ ታብሌት የትኛውን ይመክሩኛል?» የሚል ጠያቂ ጠፍቶ አያውቅም። ጊዜውም ስላለኝ ነገሩን አጠናሁት፤ የጥቂት ታብሌቶችንም ውስጥ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ጠያቂው ሁሉ ስለ ዋጋው ይጠይቃል፣ ስለ ካሜራው ይጠይቃል። ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን የለም። በፖለቲካ ምክንያት ለተሰደድን ሰዎች ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ይኸው ነው።

ለመሆኑ የምን ቁልፍ? ታብሌት ሲበራ የሚነሳው ፋብሪካው የጫነበት መሠረታዊ ሶፍትዌር ፈርምዌር ይባላል። አንድሮይድም ሆነ አብረውት የመጡት ፕሮግራሞች በዚሁ ውስጥ ናቸው። ከፊቱ ደግሞ ቡትሎደር የሚባል ዘበኛ ቆሟል። የዘበኛው ሥራ የመጣውን ሶፍትዌር ማኅተም መርምሮ፣ አምራቹ ያልፈረመበት ከሆነ «አትገባም» ማለት ነው። በዚህ ሥራው ሌባውንም ይከለክላል፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛውንም ባለቤት ይከለክላል። በፈርምዌሩ ውስጥ የተቀበረ መጥፎ ፕሮግራም ካለ እንደ ተራ አፕ አይጠፋም። ታብሌቱን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ብትመልሱትም እዚያው ነው፤ ያስቀመጠው ራሱ ፋብሪካው ነዋ! ፈርምዌር መቀየር ማለት እንግዲህ ዘበኛውን አስፈቅዶ ያንን ሁሉ ማውጣትና፣ ኮዱን ማንም ሊመረምረው የሚችል ሌላ አንድሮይድ በቦታው መጫን ነው።

«ይህ የጎረምሶች ጨዋታ ነው፣ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። የእኛ ስደተኛ ማኅበረሰብ ግን በኮምፒዩተሩ በኩል የተሰለለ ማኅበረሰብ መሆኑን መርሳት አይገባም (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ እንደተሠራጨና፣ የሰበሰበውንም ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር እንደሚልክ አጋለጠ። በ2014 ደግሞ በቤልጅየምና በቨርጂኒያ የነበሩ የኢሳት ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ በሠራው መሣሪያ እንደተጠቁ አሳወቀ፤ ወጥመዱ የመጣው በስካይፕ በተላከ ፋይል ነበር። በ2017 ተራው በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች ሆነ፤ የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የቀረበላቸው ሶፍትዌር ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት ነበር። በዚያው ዓመት፣ በሜሪላንድ ኗሪ የሆነ አሜሪካዊ ዜጋ ኮምፒዩተሬን ሰልሎብኛል ብሎ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ያቀረበውን ክስ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘጋው። የባዕድ መንግሥት በዚህ ጉዳይ እዚህ አገር ሊከሰስ አይችልም ተባለ። ፍርድ ቤት እንዲህ ካለ፣ ራሳችንን የምንጠብቀው ራሳችን ነን ማለት ነው።

እነዚያ ጥቃቶች የመጡት እኛው እንድንከፍት በተላከልን ፋይልና ማሻሻያ በኩል ነው። ርካሽ መሣሪያ ግን ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ጀርባው ክፍት ሊሆን ይችላል። በ2016 ክሪፕቶዋየር የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ብሉ አር1 ኤችዲ የተሰኘውን የሃምሳ ዶላር ገደማ ስልክ ሲመረምር፣ የሻንጋዩ አዱፕስ ኩባንያ ሶፍትዌር የባለቤቱን የጽሑፍ መልእክት በየ72 ሰዓቱ ወደ ቻይና ሲልክ አገኘው። በ2020 የተገለጠው ደግሞ አገራችን ድረስ የገባ ነው። አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ በኢትዮጵያ፣ በግብጽ፣ በጋና፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ2 ስልኮች ላይ ትሪያዳ የተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ከመሸጫው በፊት ተጭኖ አገኘ። ሥራው ባለቤቱን ሳይጠይቅ ለልዩ ልዩ አገልግሎት እያስመዘገበ የሞላውን ካርድ መብላት ነበር። የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ጥፋቱን ስሙን ባልገለጸው አቅራቢ ላይ አድርጎ፣ ችግሩን ማስተካከሉን ተናገረ። በካርድ ሳንቲም የምትቆጥረው እናት ግን የጎደለባትን ማን መለሰላት? በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ተመሳሳይ ወረርሽኝ አስጠነቀቀ፤ ጉግል በዚያው ዓመት ባቀረበው ክስ የተያዙትን መሣሪያዎች ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ አድርሶታል።

የሚገርመው፣ የሁለቱም ወገን ታሪክ በዚችው በሲያትል ያልፋል። መንደሩን እዚህ የቆረቆረው አማዞን በ2015 ፋየር የተባለውን ታብሌት በ49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ዋጋው የረከሰው ታብሌቱ ራሱ የአማዞን ሱቅ ስለሆነ ነው። የመክፈቻው ገጽ ማስታወቂያ ያሳያል፣ ማስታወቂያው እንዲነሳ ደግሞ 15 ዶላር መጨመር ያስፈልግ ነበር፤ የጉግል ሱቅ የለበትም፣ ቡትሎደሩም የተቆለፈ ነው። በጎ ፈቃደኞች በአንዳንዶቹ ፋየሮች ላይ ቀዳዳ አግኝተዋል፤ ነገር ግን የጀርባውን ክዳን ፈልቅቆ የሰሌዳውን ነጥብ በሽቦ መንካት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በእኔ ዕድሜና በእኔ ዓይን የሚሞከር አይደለም።

በሌላ በኩል ስቲቭ ኮንዲክ የተባለ ፕሮግራመር በ2009 ሳያኖጅንሞድ የተባለ፣ ማንም በነጻ የሚጭነው የአንድሮይድ ዓይነት ማውጣት ጀመረ። በ2013 ኩባንያ ሆነ፣ እዚሁ ሲያትል ቢሮ ከፈተ፤ በ2016 መጨረሻ ኩባንያው የሳያኖጅንን አገልግሎት አቋረጠ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን በጎ ፈቃደኞች አንስተውት ላይኔጅ ኦኤስ ብለው ቀጠሉበት። ዛሬ አሮጌ ታብሌት የሚያድሰው እርሱ ነው።

ዘበኛውን መሻገር የሊቃውንት ብቻ ሥራ ለሚመስላችሁ የወንጪን ታሪክ ላስታውሳችሁ። በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ሃያ ለሚያህሉ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የሞቶሮላ ዙም ታብሌት ከነታሸገ ሳጥኑ፣ ያለ አንዳች አስተማሪ ሰጠ። ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር፤ ልጆቹ ምን ሲነኩ እንደዋሉ የሚታወቀው ከዚያ ነው። የድርጅቱን መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴን ጨምሮ የድርጅቱ ሰዎች በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ አምስት ወር ሳይሞላ ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ ከፈቱት፤ እንዳይቀየር የተቆለፈውንም የፊት ገጽ እያንዳንዳቸው እንደሚሹት አደረጉት። ኔግሮፖንቴ «አንድሮይድን ሰበሩት» ማለታቸው ትንሽ ግነት አለበት፤ ፈርምዌር አልቀየሩም። እንደ አስተማሪ የከነከነኝ ሌላ ነው። በኦሮሚያ ገጠር ለሚገኙ ልጆች የተጫነው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። ልጆቹ ካሜራውን ነጻ አወጡት፤ የቋንቋውን ጉዳይ የወሰነላቸው ግን ሌላ ሰው ነበር።

ወደ ግዢው ልመለስ። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ታብሌት በሃምሳ ዶላር ከመግዛት፣ ላይኔጅ ኦኤስ የሚደግፈውን ያገለገለ መግዛት ይሻላል። ለምሳሌ የ2020ው ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ7፣ ባለ 10.4 ኢንቹ፣ በአዲስነቱ 230 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያገለገለው ከዚያ በብዙ ያንሳል። የሞዴል ቁጥሩ ኤስኤም-ቲ500 መሆኑን ሳታዩ ገንዘብ አትስጡ። እርሱ ዋይፋይ ብቻ ያለው ነው፤ የስልክ መስመር የሚቀበለው የአሜሪካ እትም ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። ሳምሰንግ በ2025 የመክፈቻውን ምርጫ ከአዳዲስ ስልኮቹ ማንሳት ስለጀመረም፣ «አዲስ ነውና ይሻላል» አትበሉ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በሴቲንግስ ውስጥ የታብሌቱን ቢልድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ስትነኩ የዴቨሎፐር ዝርዝር ይከፈታል፤ እዚያ ኦኢኤም አንሎክ የሚለውን አብሩ። ታብሌቱን አጥፍታችሁ ሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች እንደጫናችሁ ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ አገናኙት፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የላይኛውን የድምፅ ቁልፍ ረዘም አድርጋችሁ ተጫኑ። በዚህ ጊዜ ያለው ፎቶም ሰነድም ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ቅጂ ያዙ። ኖክስ የሚባለው የሳምሰንግ መቆለፊያም ላይመለስ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ሪከቨሪ የተባለውን ትንሽ ሶፍትዌር በኦዲን ወይም በሄይምዳል ትጭናላችሁ፣ በእርሱም በኩል ላይኔጁን። ዝርዝሩን ላይኔጅ ኦኤስ ለየሞዴሉ ካዘጋጀው መመሪያ ላይ ተከተሉ፤ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ተመሳሳይ ነው ብሎ መዝለል ታብሌቱን ድንጋይ ያደርገዋል። ፋይሉንም ከራሳቸው ከላይኔጆቹ እንጂ «ወዳጄ ላከልኝ» ከሚባል ቦታ አታውርዱ።

ለአማርኛ ጽሑፍ ኪማን የተባለው በነጻ የሚገኝ ነው፤ የጉግሉ ጂቦርድም አማርኛ አለው። ኪቦርድ የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ፣ የይለፍ ቃልን ጨምሮ፣ የሚያይ ፕሮግራም ነውና ምንጩ ያልታወቀ የግዕዝ ኪቦርድ አትጫኑ። ቡትሎደሩ የተከፈተ ታብሌት ደግሞ በአካል ለሚያገኘው ሰው በሩ የላላ ነው፤ አንዳንድ የባንክ አፖችም አይሠሩበትም። ስለዚህ ዜና ለማንበብና ለመጻጻፍ እንጂ ለባንክ አትጠቀሙበት፣ ሜዳም ላይ አትጣሉት። እንግዳ ፋይል የሚከፍት ሰውንም ላይኔጅ አያድነውም።

ለእናት የሚላከውስ? አጠገቧ የሚያግዛት ሰው ከሌለ ፈርምዌሩን አትንኩ፤ የታወቀ አምራች የሚያድሰውን ላኩላት። ከመላካችሁ በፊት ፕሌይ ስቶርን ከፍታችሁ በሴቲንግስ ሥር አባውት የሚለውን እዩ። በጉግል የተመሠከረለት መሆኑ እዚያ ተጽፎ ካላገኛችሁ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ለሻጩ መልሱት።