ኮፒውን ያረጋገጠ ዲግሪውን አላረጋገጠም

ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግርጌ የማይጠፋ ቃል አለ፤ አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃቸውን «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይዘው በአካል እንዲቀርቡ የሚያዝ። አንዳንዱ ቀጣሪ ይህም አይበቃውም። ኮፒው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» በሚለው፣ ከዋናው ጋር ተገናዝቦ ማኅተም እንዲያርፍበት ይፈልጋል። ገና ደመወዝ ላላገኘ ሰው የትራንስፖርቱ፣ የኮፒውና የአገልግሎቱ ክፍያ ተደምሮ ቀላል ወጪ አይደለም። ገንዘብ በስልክ በሚተላለፍበት ዘመን ይህ ማኅተም ለምን በኢንተርኔት አይሰጥም የሚለው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መልሱን ከመፈለግ በፊት ማኅተሙ የሚመሰክረው ምኑን እንደሆነ ማወቅ ይገባል፤ ያን ሳናጣራ ወደ ኢንተርኔት ብናሻግረው ሰልፉን ከመንገድ ወደ ስልክ ከማዛወር ያለፈ ነገር አናተርፍም።

አዋጅ ቁጥር 922/2008 ለሰነድ ማረጋገጥ የሰጠው ትርጉም ጠባብ ነው። ፈራሚው ሲፈርም አይቶ መመስከር፣ ወይም ቀድሞ የተፈረመን ሰነድ ፊርማና ማኅተም በቃለ መሐላ ወይም ከተቀመጠ ናሙና ጋር በማስተያየት መቀበል ነው። ቅጂን ከዋናው ጋር ማገናዘብም ከዚሁ ጎን የሚሠራ ሥራ ነው። ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ ሰውየው በእርግጥ ተምሮ ተመርቋል ወይ የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ኮፒ የሚያገናዝበው ሠራተኛ የሚያየው ፊቱ የቀረቡትን ሁለት ወረቀቶች ነው፤ አንዱ የሌላው ቅጂ ከሆነ ይፈርማል። እንግዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ሐሰተኛ ዲግሪ ይዞ ለቀረበ ሰው ታማኝ ኮፒ ይወጣለታል፤ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የናሙናው መንገድም ዲግሪ የሚሰጡት ተቋማት በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን የሚያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በርክተዋል፣ የግል ኮሌጆች በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ ሬጅስትራሮቻቸውም ይለዋወጣሉ። የሁሉንም ፊርማ በአንድ መዝገብ ይዞ በዓይን ማመሳከር የማይዘለቅ ሥራ ሆኗል። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞች ማስረጃ እንደገና ይጣራ ሲባል መልሱ የተፈለገው ከዲግሪ ሰጪዎቹ ተቋማት መሆኑ አይገርምም፤ በየፋይሉ የተቀመጠው ባለ ማኅተም ኮፒ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

በኢንተርኔት ማረጋገጥን ቀድማ የሞከረችው አሜሪካ ይህንኑ ታሳያለች። የቨርጂኒያ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ከሐምሌ 2012 ጀምሮ ኖታሪዎቿ፣ ማለትም ሰነድ አረጋጋጮቿ፣ ፈራሚውን በቪዲዮ እያዩ እንዲያረጋግጡ ፈቀደች። ኮቪድ ሲመጣ ብዙ ግዛቶች በጥድፊያ ተከተሏት፤ አብዛኞቹም አሠራሩን ቋሚ አደረጉት። ፈራሚው መታወቂያውን በካሜራ ያሳያል፣ ማንነቱን የሚፈትኑ ጥያቄዎች ይመልሳል፣ ንግግሩ ይቀረጻል፣ ሰነዱም ከዚያ በኋላ ቢነካካ በሚያጋልጥ ዲጂታል ማኅተም ይታሸጋል። ለፊርማ ይህ ጠንካራ ጥበቃ ነው፤ ከብዙ ቢሮዎች ወረፋም ይሻላል። ለዲግሪ ኮፒ ግን እዚያው አገር ያለውን እንመልከት። በካሊፎርኒያና በኒውዮርክ ኖታሪ የዲፕሎማን ቅጂ «ትክክለኛ ቅጂ ነው» ብሎ የማረጋገጥ ሥልጣን የለውም። በዚህ የተነሳ የዲፕሎማው ባለቤት ራሱ «ይህ የዋናው ቅጂ ነው» የሚል ቃል ጽፎ ይፈርምና ኖታሪው ፊርማውን ያረጋግጥለታል። ምስክሩ ራሱ ባለጉዳዩ ነው ማለት ነው። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢጠራ የሚያሳየን ማን እንደፈረመ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ስለመስጠቱ አንዲት ቃል አይጨምርም።

ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ተቋም ለዚህ ሰው ይህን ዲግሪ ሰጥቷል ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ ያለው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ዲግሪውን የሰጠው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይህን የሚጠይቁት ኖታሪን ሳይሆን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኮሌጆችን መዝገብ ያሰባሰበን ተቋም ነው። የህንድ መንገድ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል፤ እዚያም ሥራ ፈላጊ ኮፒውን በመንግሥት ሹም ፊርማ ሲያስጸድቅ የኖረ ነውና። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የህንድ መንግሥት አመልካቹ ኮፒውን በራሱ ፊርማ አረጋግጦ እንዲያስገባ፣ ዋናው የሚታየውም በቅጥር መጨረሻ ላይ እንዲሆን ገፋበት። በተከተለው ዓመት ሰጪው አካል ሰነዱን በቀጥታ የሚያስገባበትን ዲጂታል መዝገብ፣ ዲጂሎከርን፣ ከፈተ። እዚያ ያለው ሰነድ ከመነሻው ከሰጪው እጅ የወጣ ስለሆነ የሚገናዘብበት ዋና አያስፈልገውም።

በእኛም አገር የሕጉ ማገር ቆሟል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዲጂታል ፊርማን በሕግ አጸና፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመቅረቡ ብቻ ውድቅ እንዳይሆን መሠረት ጣለ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ደግሞ ለብሔራዊ መታወቂያው ለፋይዳ በር ከፈተ። የሚጎድለው የተመራቂዎች መዝገብ ነው፤ ቀጣሪ ቁጥር አስገብቶ በደቂቃ ውስጥ አዎ ወይም አይ የሚባልበት። ይህ መዝገብ በተለይ የሚጠቅመው የወጪ መጋራት ዕዳ ላለበት ተመራቂ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በቴምፖ፣ ማለትም በጊዜያዊ ማስረጃ፣ ብቻ የወጣ ልጅ ዕዳውን እስኪከፍል ዋናው ዲግሪ እጁ አይገባም፤ ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልገዋል፤ ለሥራው ደግሞ ዋናውን አምጣ ይባላል። ከመዝገቡ «ተመርቋል» የሚል ቃል ቢወጣለት ወረቀቱ በዕዳ ተይዞ እያለም እውነቱ አይታሰርም። ይህን ማድረግ የዕዳውን አሰባሰብ የሚያዳክም አይመስለኝም፤ ሥራ የያዘ ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ሥራ ከሌለው ሰው ግን የሚቆረጥ የለም።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። የድሮ መዝገቦች በወረቀት ናቸው፤ የተዘጉ ኮሌጆችም አሉ። እውነት ነው፤ ግን ይህ ችግር ማኅተሙንም አይምረውም፤ ከተዘጋ ኮሌጅ የወጣን ዲግሪ ኮፒው ላይ ያረፈ ማኅተም እውነተኛ አያደርገውም። የሚሻለው ከዘንድሮ ተመራቂ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መሄድ፣ የተዘጉትን መዝገብ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እጅ ማስገባት ነው። የግል መረጃ ጉዳይ ከሁሉ ይከብደኛል። ማንም የማንንም ውጤት የሚያይበት መዝገብ ከሐሰተኛ ዲግሪ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው እንዲህ ላለው ስለሆነ፣ መዝገቡ መልስ መስጠት ያለበት ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ መልሱም ስለ መመረቅ እንጂ ስለ ነጥብ መሆን የለበትም። ኢንተርኔት የማይደርስበት ቦታ ያለው አመልካችም አይጎዳም፤ መዝገቡን የሚከፍተው ቀጣሪው እንጂ እሱ አይደለምና።

የውጭ አገር ቀጣሪ ግን ለጊዜው ማኅተሙን መጠየቁ አይቀርም። የ1961 እ.ኤ.አ. የሄግ ስምምነት ለአባል አገሮች ብዙ ፊርማን አፖስቲል በሚባል አንድ የምስክር ወረቀት ተክቷል፤ ኢትዮጵያ ግን ለዓመታት ከስምምነቱ ውጭ ስለቆየች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ነርስ ወይም መሐንዲስ ዲግሪውን ከትምህርት ተቋሙ አንስቶ እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲ ድረስ ማዞር ለምዷል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥም ቢሆን የመጀመሪያው ማያያዣ፣ ሰጪው ተቋም የሚሰጠው ቃል፣ ከላላ ከላዩ የሚደረቡት ማኅተሞች የሚያጸኑት ነገር አይኖርም።

የቪዲዮ ማረጋገጫ ቦታው ሌላ ነው። ሪያድ የምትሠራ ሴት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ ውክልና ስትሰጥ መመስከር ያለበት ፈቃዷ ነው፤ እሷው መሆኗ፣ ሳትገደድ መፈረሟ፣ የፈረመችበትን ማወቋ። ይህን ከየትኛውም መዝገብ ማውጣት አይቻልም፤ ፊቷን አይቶ፣ ድምፅዋን ሰምቶ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል። ከአሠሪዋ ፈቃድ ለምና ኤምባሲ ደጃፍ የምታጠፋውን ቀን በአንድ የቪዲዮ ቀጠሮ የሚተካላት አገልግሎት ቢኖር፣ የውልና ማስረጃ ሠራተኞችም የዲግሪ ኮፒ በማገናዘብ የሚያልፈውን ሰዓታቸውን ለእሷ ይሰጡ ነበር።